ለእንቁጣጣሽም ለፋሲካም የምታምር ትንሽ ግቢ፦ ከየት ልጀምር?

የቀበናዋ ልጅ (ሐምሌ 26)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ቀበና ነው፣ ከድሮዎቹ ባለ ቆርቆሮ ቤቶች አንዱ። ከበረንዳው ፊት 7 ሜትር በ5 ሜትር የሚሆን ቦታ አለን። ድሮ አባቴ ጽጌረዳ ተክሎበት ነበር። አሁን የቀሩት ሦስት ግንዶች ናቸው፣ ሌላው ጭቃና አረም ነው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት እንደ ልቧ አትወጣም። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የምታየው ይህንኑ ቦታ ነው። እንዲያምርልኝ የምፈልገው ለእሷ ነው። በተለይ በሁለት ጊዜ፦ ከእንቁጣጣሽ እስከ ኅዳር፣ ከዚያ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን።

ያለብኝ ችግር ይኸውላችሁ። በደቡብ በኩል አጥሩን ተጠግቶ ባለ አራት ፎቅ ቤት ተሠርቷል፤ ፀሐዩን ከለከለን። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አፈሩ በክረምት ይላቁጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ያለኝ ገንዘብ 12 ሺህ ብር ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ በፀደይ ቱሊፕ የሞላበት ግቢ አይቼ ልቤ ቀረ። እኛ ጋ ይሆናል? ከምን ልጀምር?

ጓሮ ወዳድ፣ ካዛንቺስ

እህቴ፣ ቱሊፑን ተዪው። እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ሞክሬዋለሁ። ቅጠል አወጣ፣ አበባ ግን አላየሁም። ቱሊፕ ለማበብ ሥሩ መሬት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ጠንከር ያለ ብርድ ማግኘት አለበት። የአዲስ አበባ ሌሊት በታኅሣሥ ቢበርድም ቀኑ መልሶ ያሞቀዋል። የዚያ ዓይነት መልክ ከፈለግሽ ግላዲዮለስና ዳሊያ አሉልሽ። ብርድ አይጠይቁም፣ ቁመትና ቀለምም አላቸው።

ሌላው ደግሞ የወቅት ስም አያሳስትሽ። ቪዲዮው ላይ ፀደይ የሚሉት ከበረዶ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። እኛ ጋ ከመስከረም እስከ ኅዳር መፀው ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ፀደይ ነው፤ ብዙ ሰው በልግ ይለዋል። እዚያ ተክሉን የሚቀሰቅሰው የቀኑ መርዘምና የሙቀቱ መጨመር ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የእኛን ተክል የሚቀሰቅሰው ውሃ ነው።

አትክልተኛው

ልጄ፣ በዚህ ሥራ ላይ 30 ዓመት ሞልቶኛል። አንድ ነገር ከመግዛትሽ በፊት በእናትሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ቆመሽ አትዪ፣ ተቀምጠሽ። ዓይንሽ መጀመሪያ የት ነው የሚያርፈው? እሷ የምታየው ከዚያ ከፍታ ነው። አጭር አበባ ከሩቅ ከተከልሽ አይታያትም። ረጅሙን ከፊት ካደረግሽም ሌላውን ይጋርድባታል።

ከዚያ አፈሩን ፈትኚ። አንድ እፍኝ ርጥብ አፈር ውሰጂና በመዳፍሽ እያሸሽ እንደ እርሳስ አድርጊው። ከተሰባበረ ጥሩ አፈር ነው። ሳይበጠስ ታጥፎ ቀለበት ከሠራ ግን ዋልካ ነው። ዋልካ ከሆነ አሁን በክረምት አትቆፍሪው። ርጥብ ዋልካ ሲረገጥና ሲቆፈር እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ትንሽ አሸዋ ጨምሬ አለሰልሰዋለሁ ብለሽም አትድከሚ፤ ይብስበታል። መፍትሔው ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ፣ ብዙ የበሰለ ፍግና ብስባሽ፣ በዙሪያው ደግሞ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነው።

የአባትሽን ጽጌረዳዎች እንዳትነቅያቸው። በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ግረዣቸው። ጽጌረዳ ከተገረዘ ከሰባት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ሐምሌ 28 ከገረዝሽ ለመስቀል ሰሞን ያደርስልሻል። መቀሱ የተሳለ ይሁን። የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ከሥሩ አውጪ። ከቀረው ላይ ወደ ውጭ የሚያይ ዓይን (አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን ጉብታ) ፈልጊ፤ ከሱ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትተሽ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ፤ የዝናብ ውሃ ወደ ዓይኑ ሳይሆን ወደ ኋላ እንዲፈስ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ከመሬትም ጭምር ለቅመሽ አስወግጂ። ብስባሽ ውስጥ አትጨምሪው፣ በሽታው ይተላለፋል።

የቀበናዋ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩን እንዳሉት አሸሁት፤ ቀለበት ሆነ፣ ያውም ሳይሰነጠቅ። ወንበሩ ላይም ተቀመጥኩ። ዓይኔ ያረፈው የፎቁ ግድግዳ ላይ ነው። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን የሲሚንቶ ግድግዳ ስታይ እንደኖረች አላስተዋልኩም ነበር። ጽጌረዳውን ነገ ጠዋት እገርዛለሁ።

ቤት ነዳፊ

እኔ የሕንፃ ንድፍ ነው የምሠራው፤ ጥላውን ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ባለ አራት ፎቁ 12 ሜትር ቢሆን፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 7 ሜትር ተኩል ያህል ይወድቃል። 7 ሜትሩ ወደ ፎቁ የሚሄደው ከሆነ ግቢሽ እንዳለ ተሸፈነ ማለት ነው። በመስከረም አጋማሽ ግን ጥላው 2 ሜትር ብቻ ነው። በመጋቢት አጋማሽም ያው 2 ሜትር።

ይሄ ለአንቺ ትልቅ ዕድል ነው። የፈለግሻቸው ሁለቱ ወቅቶች መጀመሪያቸው ላይ የፀሐያቸው ነገር አንድ ነው። ለመስከረም ጥሩ የሆነ ቦታ ለመጋቢትም ጥሩ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወቅት የተለየ ቦታ አትፈልጊ። ከፎቁ ሥር ያለውን 2 ሜትር ጥላ ለሚችል ተክል ስጪው፣ ወደ በረንዳው ያለውን ለአበባ አድርጊው። በታኅሣሥ ሁሉም ቢያንቀላፋ አትደንግጪ።

ጓሮ ወዳድ፣ ካዛንቺስ

ፀሐዩ አንድ ከሆነ የሚለየው ውሃው ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መስከረም ላይ መሬቱ ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ውሃ አለው፣ የፈለግሽውን ያህል መደብ ቢኖርሽ ያምራል። የበልግ ዝናብ ግን አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ለፋሲካ የሚያብብ ተክል ከየካቲት ጀምሮ ውሃ ካላገኘ ምንም የለም።

እንዲህ አስዪው። በደረቅ ወቅት ለአንድ ካሬ ሜትር የአበባ መደብ በሳምንት 20 ሊትር ያህል ይበቃል። 35 ካሬውን በሙሉ አበባ ካደረግሽ በሳምንት 700 ሊትር ነው። ከየት ታመጫለሽ? 8 ካሬ ከሆነ ግን 160 ሊትር ነው፤ አንድ በርሜል አይሞላም። የመደብሽን ስፋት በየካቲት ውሃሽ ለኪው፣ በነሐሴ ልምላሜ አትለኪው። አጠጣጡም ላይ በየቀኑ እፍኝ እፍኝ አትርጪ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ሥሩ ድረስ አርኪው፣ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ።

ሳምራዊት የሰፈር ልጅ

አሸንዳ አላችሁ? ከሌላችሁ ከ12 ሺው ላይ መጀመሪያ እሱን አሠሪ። ጣሪያሽ 40 ካሬ ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጥሻል። በርሜሉን ክደኚው፣ ትንኝ ይራባበታል። ለበልግ አያደርስሽም፤ ግን ጥቅምትን ያሻግርሻል፣ በየካቲት ደግሞ የቧንቧውን ውሃ ታጠራቅሚበታለሽ። የአትክልት እጣቢም ይጠቅማል። በረኪና የነካው ውሃ ግን እንዳይገባበት።

እትዬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን

የኔ ልጅ፣ ለእናት ግቢ ማሰብሽ ደስ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ሳይኖር ግቢ አማረ አይባልም። ለዘንድሮ ዘር መዝራቱ አልፏል፤ አደይ በሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ነው የሚበቅለው። እኔ ጓሮ ግን በዝቶ እርስ በርሱ ይጣላል። ዝናብ ባባራበት ምሽት ከነአፈሩ፣ ሥሩ ሳይራቆት ከተዛወረ ይይዛል። ከጎረቤትሽ ወይም ከዘመድ ለምኚ። ኅዳር ላይ ራሱ ሲደርቅ ዘሩን በወረቀት ከረጢት ሰብስቢ። በፌስታል አታድርጊው፣ ይሻግታል።

በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ እናትሽ እጇን ስትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ ትከዪ። ቁጭ ብላ ጤና አዳሟን ቀንጥሳ ቡናዋ ላይ ትጨምር። እኔ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ያ ሽታ ነበር። በሶብላ ደግሞ በጣሳ ይሁን፤ ኅዳር ሲታጠን ብርዱ ይመታዋልና ማታ ማታ ወደ ውስጥ ይግባ።

ለበዓል የጎዘጎዝሽውን ቄጠማ አትጣዪው። ሲደርቅ መደቡ ላይ አንድ ጣት የሚሆን ውፍረት አልብሺው። አፈሩ እንዳይሰነጠቅ ይይዝልሻል። የቡና አተላውን ግን ከብስባሽ ጋር ቀላቅዪው እንጂ ለብቻው አታፍሺበት፤ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ውሃ አያሳልፍም።

ሰርዶ

ለተረፈው ቦታ ሣር ነው የሚያምረው። ሰርዶ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽም ነው።

አትክልተኛው

ወንድሜ፣ ሰርዶ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ግን መደብ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ በየሳምንቱ ማረም ነው። ደግሞ እናትየዋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ርጥብ ሣር ያንሸራትታል። እኔ ብሆን ከበረንዳው እስከ ጽጌረዳው 1 ሜትር ከ20 የሆነ ሻካራ የድንጋይ መንገድ አደርግ ነበር፤ ከዘራ ይዘው ከሰው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄዱበት። በድንጋዮቹ መካከል ጦስኝ ይገባል። በተረገጠ ቁጥር ይሸታል። ውሃ የሚቋጥር ቦታ ግን አይወድም፣ ከሥሩ ጠጠር ያስፈልገዋል።

የፎቁን ግድግዳ በተመለከተ፦ ሁለት እንሰት ትከዪ። ሰው እንሰትን ለምግብ ብቻ ያስባል፤ እንደሱ ቅጠሉ የሚያምር ግን ጥቂት ነው። ጥላም ይችላል። ከሥሩ ካላ አበባ አድርጊ፤ ርጥበትና ጥላ ይስማማዋል። ፀሐይ የሚያገኘው የጎን አጥር ላይ ቡጋንቪላ ይውጣ። እሱ ደረቅ ሲሆንበት ነው ይበልጥ የሚያብበው፣ ለፋሲካ ብዙ ውሃ ሳትከፍዪ ቀለም ይሰጥሻል። እሾህ ከፈለግሽ ቀጋም አለ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው፤ ነጭ አበባው ያምራል። እናትሽ አገር በቀል ተክሎችን ቆመው እያዩ መምረጥ ከፈለጉ ደግሞ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይዘሻቸው ሂጂ።

ነዋሪ፣ ስድስት ኪሎ

አፈር ስትገዢ ተጠንቀቂ። እኔ ከአንድ ሻጭ ጥቁር አፈር ብዬ ያራገፍኩት ከላይ አንድ ክንድ አፈር፣ ከሥር የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ነበር። ከመክፈልሽ በፊት አካፋ ይዘሽ ከመሐል አውጥተሽ እዪ።

ቀንድ አውጣም በዚህ ወር ለጋ ችግኝ ይጨርሳል። አመድ ዝናብ ሲነካው አይሠራም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘሽ መልቀም ነው። የጽጌረዳው እምቡጥ ላይ ክሽክሽ (ጥቃቅን ተባይ) ካየሽ በሳሙና ውሃ እጠቢው።

የቀበናዋ ልጅ (መስከረም 21)

የሆነውን ልንገራችሁ። አሸንዳና በርሜል ተሠራ፤ 5 ሺህ ተኩል ወጣበት። መደቡ 8 ካሬ ሆነ፣ ጠርዙን በድሮ ድንጋያችን ሠራነው። እንሰቶቹ ገና ትንንሽ ናቸው፣ ግድግዳው አሁንም ይታያል። ኮስሞስ ዘርቼ ነበር፣ አሁን እምቡጥ ይዟል። ከአደዮቹ ግማሾቹ ጠወለጉ። የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው፤ ለእንቁጣጣሽ አበቡ።

ከሦስቱ ጽጌረዳ አንዱ ደረቀ። ሁለቱ ለመስቀል በሦስተኛው ቀን ፈነዱ፤ አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ነጣ ያለ ሮዝ። እናቴ ቀዩን አይታ «ይሄንን እኮ አባትሽ አንቺ የተወለድሽ ዓመት ነው ያመጣው» አለችኝ። ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዘራዋን ይዛ በድንጋዩ መንገድ እስከሱ ድረስ ሄደች።

ጋሼ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለፋሲካ መቼ ልገርዘው? ከቀዩ ላይ ሌላ ችግኝ ማውጣትስ ይቻላል? ለእህቴ መስጠት እፈልጋለሁ።

አትክልተኛው

የዓመቱን ፋሲካ ቀን እይና ሰባት ሳምንት ተኩል ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ የካቲት ውስጥ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ከመግረዝሽ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ውሃ አጥግቢው።

ችግኙን አሁን ማውጣት ትችያለሽ። አበባው የረገፈበትን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ምረጪ። ስንዝር አድርገሽ ቁረጪ፣ ከሥር ከዓይኑ በታች ይሁን። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዪ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ብስባሽ ባለው ጣሳ ውስጥ ግማሹን ቅበሪው፣ ጣሳውን ከሥሩ ብሺው። በተቆረጠ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ክደኚውና ከእንሰቱ ጥላ አስቀምጪው። አምስት አድርጊ፤ ሁሉም አይይዝም። ሥር ያዘ አልያዘ ብለሽ እየነቀልሽ አትዪ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በቀስታ ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለሽ ይዟል።