ጥቆማ፦ ጦር በወጉ የሚጓዝበት የታሪክ ጌም የቱ ነው?

ሰሞኑን አንድ ልጅ "ወታደሮቼ ይንቀራፈፉብኛል፤ ጦር በወጉ የሚሄድበት የታሪክ ጌም ጠቁሙኝ" ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሴ ስለረዘመ ለብቻው ላውጣው። ቀድሜ ልናገር፦ እኔን የሚመቸኝ ጓዝ የሚከብድበት፣ መድፍ የሚጎተትበት ጌም ነው። ፍርዴ ወደዚያ ቢያጋድል እንዳይገርማችሁ።

ከኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ልጀምር፤ አንዴ እንኳን ያልነካው ሰው የለማ። እዚህ ጌም ላይ እያንዳንዱ ዩኒት (ወታደሩም መሣሪያውም) የራሱ ፍጥነት አለው። ናይት የሚባለው ፈረሰኛ በሰከንድ 1.35 ታይል (የማፑ አንድ ካሬ ማለት ነው) ይሄዳል። የመጀመሪያው እግረኛ 0.9 ነው፤ መነኩሴው 0.7። ራም የሚሉት ግንብ መደርመሻ ደግሞ 0.5 ብቻ። አሁን ሁሉንም በአንድ ላይ መርጣችሁ በሰልፍ ስትልኳቸው፣ ሰልፉ በሙሉ በራሙ እርምጃ ይሄዳል። ልጁን የቸገረው ይሄ ይመስለኛል።

እኔም የተማርኩት ከፍዬ ነው። ጌም ቤት ተቀምጠን፣ የተሸነፈ ሂሳብ ይዘጋል ተባብለን፣ ሃያ ፈረሰኛና ሦስት ራም አንድ ላይ ጠቅልዬ ላክሁ። ያ ሁሉ ፈረስ እንደ ቀብር አጃቢ ራሙን ከቦ ቀስ፣ ቀስ። የጓደኛዬ ቀስተኞች አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ግንቡ ጋ የደረሰው አንድ ራም ነበር፤ እሱም ደርሶ ቆመ። ሂሳቡን ዘጋሁ።

መላው ቀላል ነው። ራሙን ቀድማችሁ ላኩት። ፈረሰኛውን ለብቻው የኪቦርድ ቁጥር ሰጥታችሁ ኋላ አስቀሩት፤ ራሙ ሊደርስ ሲል ይነሳ። ራሙ ውስጥ እግረኛ አስገቡበት፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሃዝባንድሪ የሚባለው ምርምር ፈረሰኛውን በ10 በመቶ ያፈጥናል፤ ስኳየርስ ደግሞ እግረኛውን በዚያው ልክ። ኢትዮጵያውያንን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ሾተል ተዋጊ አለለት፤ 1.2 ይሄዳል፤ ለእግረኛ ይሄ ሩጫ ነው። ግን ገላው ስስ ነው፤ ቀስተኛ ላይ ብቻውን እንዳትለቁት።

ሲቪላይዜሽን (ባጭሩ ሲቪ) የተለየ ነው። በዙር ስለሆነ ፍጥነት ማለት የእርምጃ ነጥብ ነው። ተራው ተዋጊ 2 ነጥብ አለው። ሜዳ 1 ይበላል፤ ኮረብታ 2፤ ኮረብታው ደን ከለበሰ ሲቪ 6 ላይ 3። እዚህ ላይ አምስተኛውና ስድስተኛው ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። በሲቪ 5 ትንሽ ነጥብ ከተረፈህ ኮረብታው ላይ ትወጣለህ። በሲቪ 6 ሙሉ ዋጋው ከሌለህ እግሩ ሥር ታድራለህ። ሜዳ ተሻግሮ ኮረብታ መያዝ በአንዱ የአንድ ዙር ሥራ ነው፤ በሌላው ሁለት ዙር ይፈጃል። ስድስተኛው እልህ ያስይዛል፤ ግን ልክ ነው እላለሁ። ሰሜን ሸዋ በእግሩ ዳገት የወጣ ሰው ይፈርደኛል።

ለዚያ ነው እ.ኤ.አ. በ2020 ለሲቪ 6 የወጣውን የኢትዮጵያ ጥቅል (ጌሙ ላይ የሚጨመር ክፍል) የምወደው። ምኒልክ ይመሩታል። የኦሮሞ ፈረሰኛ የሚባለው ዩኒት ኮረብታ አይከብደውም፤ እንደ ሜዳ ይረግጠዋል። የምኒልክ ጦር ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ደግሞ 4 ነጥብ ጉልበት ይጨመርለታል። ሌላው ወገን ዳገት ላይ ሲያለከልክ እናንተ ከላይ ሆናችሁ ትጠብቁታላችሁ።

ሃርትስ ኦፍ አይረን 4፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌም፣ ለሂሳብ ወዳዶች ነው። እግረኛ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ ፈረሰኛ 6.4፣ በመኪና የተጫነ ወታደር 12። የክፍለ ጦሩ ፍጥነት የሚወሰነው በውስጡ ባለው በዘገምተኛው ሻለቃ ነው። ስምንት ሻለቃ በመኪና ጭናችሁ አንድ በእግሩ የሚሄድ ብትጨምሩ፣ ያ ሁሉ መኪና በ4 ኪሎ ሜትር እያዘገመ ይከተለዋል። ነዳጁ ነው የሚያሳዝነው። ኢትዮጵያ የራሷን የትኩረት ዛፍ (አገሩ ደረጃ በደረጃ የሚመርጣቸው እቅዶች) ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2022 ባይ ብለድ አሎን በሚባለው ጭማሪ ነው። ጣሊያንን ተራራ ላይ እየጎተቱ ማሰልቸት ደስ ይላል። ስንቅ ካልደረሰው ማንም አይሮጥም።

የኔ ምርጫ ግን ሚዲቫል 2 ቶታል ዋር ነው። እ.ኤ.አ. የ2006 ጌም ነው፤ አርጅቷል፤ ፊቱም ያስታውቃል። ይሁን። ጦራችሁ ማፑ ላይ በአንድ ዙር የሚሄደው የተወሰነ ርቀት ነው። መንገድ ከሠራችሁ ይረዝማል። መድፍ ወይም ድንጋይ ወርዋሪ ከጨመራችሁ ያጥራል። እዚህ ጋ ነው ጭንቁ፦ መድፉን ይዤ ልዘግይ ወይስ ትቼው ፈጥኜ ግንቡ ሥር በመሰላል ልሙት?

ይህን ጭንቅ ከአፄ ቴዎድሮስ በላይ የሚያውቀው የለም። ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ውስጥ ነው። ሰው እየጎተተው፣ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ መንገድ እየተሠራለት። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚያው ጊዜ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከባህር ዳርቻ ተነስቶ መድፉን በዝሆን ጭኖ ይመጣ ነበር፤ 44 ዝሆን። ቴዎድሮስ ቀድመው ደረሱ። መድፉ ግን አልጠቀማቸውም፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ተቀምጧል። ሚዲቫል 2 ላይ መድፌ ዳገት ሥር ዙሩ አልቆበት ሲቆም ሁሌ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ሮም 2 (እሱም ቶታል ዋር ነው) ላይ ደግሞ "ግስጋሴ" የሚመስል ትእዛዝ አለ። ጦሩ በአንድ ዙር አርቆ ይሄዳል፤ ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ማጥቃት አይችልም፤ ለደፈጣም ይጋለጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ከየት ይገኛል ለምትሉ፦ ስቲም (የጌም መሸጫ ድረ ገጽ) ላይ ሁሉም አሉ። ቅናሽ ጠብቁ፤ የቆዩት ጌሞች በደንብ ይወርዳሉ። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ ሊልክላችሁ ይችላል፤ የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም ከተራራቀ ግን ስቲም ስጦታውን አያሳልፈውም። ስለዚህ ሳይገዛ ያጣራ። ፍላሽ ይዞ ሄዶ ማስጫንም አለ። እኔ አንድ ቦታ ያስጫንኩት ግማሹ ጠፍቶት ነበር፤ ኢትዮጵያም አልነበረችበት፤ ቫይረስ ግን አልጎደለውም። ስሙን አልጠራም።

መብራት ለሚያስቸግረው ሰው የስልኩን እመክራለሁ። ሚዲቫል 2 ስልክ ላይ ወጥቷል፤ ሲቪ 6ም አለ። ጣት ትንሽ ያደክማል፤ ግን መብራት ሲጠፋ ዘመቻው አይቋረጥም።

ጨመርኩ፦ "ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4ን ረሳኸው" ላላችሁኝ፤ አልረሳሁም፤ እንቅልፍ ስለሚነሳኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጦራችሁ ወደ ቀጣዩ ግዛት ግማሽ መንገድ ካለፈ መመለስ አይቻልም። ጠላት ሲመጣ እያያችሁ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ። ከመላካችሁ በፊት የመድረሻ ቀኑን ተመልከቱ።

ደግሞ ጨመርኩ፦ ላፕቶፑ 4 ጂቢ ራም ነው ላለው ልጅ (ይሄኛው ራም ግንብ አይደረምስም)፤ ሲቪ 5 ጫን፤ ይበቃሃል። ሃርትስ ኦፍ አይረንን ተወው፤ ጦርነቱ ሲሰፋ ኮምፒውተሩ ራሱ በ4 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው።