ስኳር በአሲድ ሲከፈል አሲዱ ለምን አያልቅም?

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መምህር፣ አዳማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር ተራውን የሻይ ስኳር በውኃ አሟሙተን ከቤኔዲክት ፈሳሽ (ግሉኮስን የመሰለ ቀላል ስኳር ሲያገኝ ቀይ ዝቃጭ ከሚሰጠው ሰማያዊ መፈተኛ) ጋር ስናሞቀው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሌላውን የስኳር ውኃ ግን ጥቂት ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረን ካፈላነውና አሲዱን በቤኪንግ ሶዳ ገለልተኛ ካደረግን በኋላ ስንፈትነው ጡብ የመሰለ ቀይ ዝቃጭ ሰጠን። አንዲት ተማሪ «አሲዱ ካላለቀ ታዲያ ምን ሠራ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ካታሊስት ያፋጥናል እንጂ አያልቅም» ከማለት የተሻለ መልስ ልሰጣት እፈልጋለሁ።

መልስ 1፦
ልጅቷ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው። የሻይ ስኳር፣ ማለትም ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ በአንድ የኦክስጅን አቶም ተያይዘው የሚገኙበት ነው፤ አሲዱ ፕሮቶኑን (የሃይድሮጅን አዮኑን፣ H⁺) ለዚህ ኦክስጅን ሲያውሰው ማሰሪያው ይላላል፣ ሁለቱ ይላቀቃሉ፣ ውኃ በክፍተቱ ይገባል፣ ፕሮቶኑም ወደ ፈሳሹ ተመልሶ ለሌላ ሞለኪውል ይተርፋል። የሚያልቁት ስኳሩና ውኃው ናቸው፦ 342 ግራም ሱክሮስ ከ18 ግራም ውኃ ጋር ሆኖ 180 ግራም ግሉኮስና 180 ግራም ፍሩክቶስ ይሰጣል፤ ከዚህ ድምር ውስጥ አሲድ የለበትም። ደግሞም ማስረጃው በእጃችሁ ነበር። ሶዳውን ስትጨምሩ የተነሣው አረፋ አሲዱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዳለ ያሳያል። እኩል አሲድ በንጹሕ ውኃና በስኳር ውኃ ውስጥ ጨምረው ሁለቱንም እኩል ያሙቁ፤ ከዚያ በፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ በሚሆን አመልካች) ሮዝ እስኪሆኑ ድረስ አሲዱን የሚያጠፋውን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ እኩል ከሆነ ስኳሩ አሲዱን አልጨረሰውም ማለት ነው።

መልስ 2፦
በስኳር ፋብሪካ ላብራቶሪ ለሠራ ሰው ይኸው ሂደት ኪሳራ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የወንጂን ፋብሪካ የሚያውቁ የአዳማ ተማሪዎች ይህን ቢሰሙ ይጠቅማቸዋል። የሸንኮራ ጭማቂ በተፈጥሮው አሲድነት ስላለው፣ ኖራ ሳይጨመርበት ቢሞቅ ሱክሮሱ ይከፈላል፤ የተከፈለው ስኳር ደግሞ ወደ ጠጣር ፍሬ (ክሪስታል) አይለወጥም፣ ከሞላሰስ ጋር ይሄዳል። የተቆረጠ ሸንኮራ ሳይፈጭ ሲቆይም ኢንቨርቴዝ የተባለው ኢንዛይም ያንኑ ሥራ ያለ እሳት ይሠራዋል።

መልስ 3፦
ጀርመናዊው ሳይንቲስት ዊልሄልሚ በ1850 እ.ኤ.አ. የኬሚካዊ ለውጥን ፍጥነት በቁጥር የለካው በዚሁ በስኳርና በአሲድ ነው፤ የሱክሮስ ውኃ ፖላራይዝድ ብርሃንን (በአንድ ወለል ብቻ የሚርገበገብ ብርሃንን) ወደ ቀኝ ሲያዞር የተከፈለው ወደ ግራ ስለሚያዞር፣ ፈሳሹን ሳይነካ ለውጡን መከታተል ቻለ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠብታ የቆጠረችው ራሷ ጠያቂዋ ነበረች፤ በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል ያገኘችው ልዩነት አንድ ጠብታ ብቻ ነው።