ፍንጭትና የተሸረፈ ጥርስ በቦንዲንግ ያሰራችሁ እስቲ ንገሩኝ

ፀዲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሀል ፍንጭት አለኝ፣ የአንደኛው ጫፍ ደሞ ልጅ እያለሁ ወድቄ ተሸርፎ እንደዛው ቀርቷል። አያመኝም፣ ስበላም አያስቸግረኝም፣ ግን ፎቶ ስነሳ ሁሌ ከንፈሬን ገጥሜ ነው፣ ስስቅም ሳላስበው እጄ ወደ አፌ ይሄዳል። አንዱ ሀኪም ቦንዲንግ (የጥርስ ከለር ያለው መሙያ ጥርሱ ላይ አጣብቆ ቅርፅ ማስያዝ) ይበቃሻል አለኝ፣ ሌላዋ ደሞ ካሰራሽ አይቀር ቪኒር (ጥርሱ ፊት ላይ ሚለጠፍ ስስ ሽፋን) አስደርጊ አለችኝ እና ግራ ገባኝ። ጥርሴን ይቦረቡሩታል ወይ? ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? እየቆየ ይበልዛል ሚሉትስ እውነት ነው? ጥርሴ ትንሽ ቢጫ ስለሆነ ማስነጣትም አስቤ ነበር፣ የቱ ይቅደም? ያሰራችሁም ሙያው ያላችሁም በደንብ አስረዱኝ በናታችሁ።

ናቲ፦
እህቴ እኔ የተሸረፈ የፊት ጥርሴን በቦንዲንግ ነው ያሰራሁት እና በጣም ደስ ብሎኛል። ህመም ምናምን የለውም፣ መርፌም አልተወጋሁም። መጀመሪያ ዶክተሩ የከለር ናሙናዎቹን አንድ ባንድ ጥርሴ ላይ እያስጠጋ መረጠ፣ ይሄን ያደረገው ገና ጥርሴ እርጥብ እያለ ነው፣ ጥርስ ሲደርቅ ከራሱ ከለር በላይ ነጥቶ ስለሚታይ ያኔ ቢመረጥ በኋላ ከጎረቤቱ ጋር አይመሳሰልም። ከዛ ሰማያዊ ጄል ቀባው፣ ትንሽ አቆይቶ አጥቦ ሲያደርቀው በመስታወት አሳየኝ፣ የተቀባው ቦታ ብቻ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ጠመኔ መስሏል። ምንድነው ስለው ማጣበቂያው ሚይዘው እንደዚህ ሲሆን ነው አለኝ። ቀጥሎ ማጣበቂያውን ቀብቶ ኮምፖዚቱን (ጥርስ ሚመስለውን መሙያ) በትንሽ በትንሹ እየደረበ እያንዳንዱን ድርብ በሰማያዊ መብራት እያጠነከረ ሄደ። ብዙ ጊዜ የወሰደው ግን ቅርፅ ማውጣቱና ማለስለሱ ነው፣ እዛ ላይ እንዳታስቸኩዪው፣ ጥሩና መጥፎ ስራ ሚለየው እዛ ነው። አሁን ካልነገርኩት በስተቀር ማንም አያውቅብኝም። ምጠነቀቀው በሱ ጥርስ ጥፍር አልነክስም፣ እስክሪብቶ አላኝክም፣ በጥርስ ክዳን መክፈት ሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

ሊያ፦
ሰላም ፀዲዬ፣ ማንንም ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን የኔንም ስሚ ብዬ ነው። እኔ ፍንጭቴን ካስዘጋሁ በኋላ ድዴ መሀል ላይ ማበጥና መድማት ጀመረ፣ የጥርስ ክር ሳስገባ ክሩ እየተበጣጠሰ ይወጣል። የሰራልኝ ቦታ ስመለስ ስትለምጂው ይተውሻል ተባልኩ፣ አልተወኝም። ሌላ ዶክተር ስታየው ኮምፖዚቱ ድዱ ስር ትርፍ ጠርዝ ነበረው፣ ምግብና ቆሻሻ እዛ ይጠራቀማል። ጠርዙን ሞርዳ አለሰለሰችው፣ ድዴም ቀስ እያለ ዳነ። ስለዚ ከወንበሩ ሳትነሺ ክር አስገብተሽ ሞክሪው፣ ጥርቅም ብሎ ከገባና ሳይበጣጠስ ከወጣ ጥሩ ነው፣ ከያዘው እዛው እንዲያስተካክሉልሽ ንገሪያቸው፣ አትፈሪ።

የጥርስ ሀኪም፦
ሙያዬ ስለሆነ ልግባበት። ሊያ ያለችው ክሩን እዛው ወንበር ላይ መሞከር በጣም ትክክል ነው፣ እኔም ሁሌ ማደርገው ነው።

ፀዲ፣ መቦርቦር ላልሽው፣ ለፍንጭትና ለትንሽ ሽራፊ ብዙ ጊዜ ጥርሱ አይቦረቦርም፣ ቢነካም ጠርዙን ትንሽ ማለስለስ ነው። ናቲ ያየው ጄል ፎስፎሪክ አሲድ ነው፣ አሁን ምንጠቀመው ከ35 እስከ 37 ፐርሰንት ሲሆን ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የላይኛው ሽፋን) ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቆይቶ ይታጠባል። በአይን ማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፍትና ማጣበቂያው እነሱ ውስጥ ሰርጎ ሲጠነክር ይጨብጣል። ሀሳቡን በ1955 ያመጣው ማይክል ቡኖኮር ሚባል የጥርስ ተመራማሪ ነው፣ ከሱ በፊት አንድን ነገር ጥርስ ላይ ለማቆየት ጥርሱን ቦርቡሮ መያዣ ማበጀት ግድ ነበር። ይሄን የምነግርሽ አንድ ነገር እንድትረጂልኝ ነው፣ የቦንዲንግ ጉልበቱ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። አንዴ አሲዱ የነካው ጥርስ ላይ ምራቅ ወይ ደም ከደረሰ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም፣ የፈለገ ውድ ኮምፖዚት ቢደረግበትም ቶሎ ይለቃል ወይ ዳር ዳሩ ይበልዛል። ድድሽ ሲቦረሽ ሚደማ ከሆነ መጀመሪያ ታርታሩ (ጥርስ ላይ ደርቆ የተጋገረው ቆሻሻ) ይነሳ፣ ድዱ ይዳን፣ ከዛ ነው ቦንዲንጉ። ላስቲክ ወጥሮ ጥርሱን ከምራቅ ለይቶ ሚሰራ ሀኪም ካገኘሽ እሰየው።

ማስነጣት ካሰብሽ እሱ ይቅደም። ኮምፖዚት በማስነጫ አይነጣም፣ ቦንዲንጉን አስቀድመሽ ኋላ ብታስነጪ የራስሽ ጥርስ ነጥቶ የተሞላው ባለበት ይቀራል። ካስነጣሽ በኋላ ደሞ ወዲያው አይሰራም፣ ወደ 2 ሳምንት ይጠበቃል፣ ጥርሱ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያው በደንብ እንዳይጠነክር ስለሚያደርግና ከለሩም እስኪረጋ ነው።

መበለዙ እውነት ነው፣ ሻይ ቡና ቀይ ወይን ከሁሉም በላይ ደሞ ሲጋራ። ከላይ ላይ ከሆነ በፖሊሽ ይለቃል። እድሜው እንደ አያያዝሽና እንደ አነካከስሽ ነው፣ በጥቅሉ ከ3 እስከ 10 አመት በይው፣ ሲሸረፍም አሮጌው ላይ ተጨምሮ ይጠገናል። ፖርሴሊን ቪኒር 10 እና 15 አመት ከዛም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ቶሎም አይበልዝም፣ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ኢናሜል ይሞረዳል፣ ኢናሜል ደሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም፣ ከዛ በኋላ ያ ጥርስ እድሜ ልኩን ሽፋን ፈላጊ ነው። ለአንድ ሽራፊና ለፍንጭት ብዬ ጤነኛ ጥርስ አልሞርድም እኔ።

አንድ ነገር ደሞ ጠይቂ። ማጣበቂያ ሳይቀባ ኮምፖዚቱን ጥርስሽ ላይ አድርጎ በመብራት አጠንክሮ ማሳየት ይቻላል። በመስታወት እዪው፣ ሳቂ፣ "ፈ" እና "ሰ" ያለባቸው ቃላት ተናገሪ፣ አፍሽን ግጠሚና የታች ጥርስሽ ሚነካው ከሆነ እይ። ካልተስማማሽ ፈልቅቆ ያወጣዋል፣ ጥርስሽ ምንም አልሆነም። ፍንጭቱ ሰፊ ከሆነ ይሄኔ ይታወቃል፣ ሁለቱ ጥርሶች ሰፍተው አራት ማዕዘን ከመሰሉ በሽቦ ትንሽ ማቀራረብ መቅደም አለበት።

ቢኒ፦
እኔ ግን ቪኒር አስደርጊ ባለችሽ ሀኪም እስማማለሁ። ማታ ጥርስ ማፋጨት አለብኝ፣ ቦንዲንጉን እየደጋገመ ጫፉን ይሰብርብኛል፣ ተሰላችቻለሁ፣ ጠንካራውን አንዴ አሰርቶ መገላገል አይሻልም ዶክተር?

የጥርስ ሀኪም፦
ወንድሜ መሰላቸትህ ይገባኛል፣ ግን ሚያፋጭ ሰው ቪኒርም ይሰብራል፣ ፖርሴሊን ሲሰነጠቅ ደሞ እንደ ኮምፖዚት እላዩ ላይ ጨምሮ መጠገን ይከብዳል። አንተ መጀመሪያ በልክህ የተሰራ ናይት ጋርድ (ጥርስ እንዳይፋጭ ሚደረግ መከላከያ) ያስፈልግሃል፣ ማታ ማታ እሱን አድርግ። ጠዋት ስትነሳ መንጋጋህን ያምሃል? ጥርሶችህ ጫፋቸው ተበልቶ ዝርግ ሆኗል? ለሀኪምህ እነዚህን ንገረው። ማፋጨቱ መፍትሄ ሳያገኝ ጫፍ ጫፉን ማሰራት ገንዘብህንም ጥርስህንም ይበላል።

ፀዲ፦
ሁላችሁም ተባረኩ፣ ናቲ፣ ሊያ፣ ቢኒ አንተም። ዶክተር እግዜር ይስጥልን፣ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። ድዴ ስቦርሽ አልፎ አልፎ ይደማል፣ ስለዚ ከማፅዳቱ እጀምራለሁ፣ ከዛ ማስነጣቱን። የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፣ ታናሽ እህቴ ጥርሷ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለባት፣ የሷም በቦንዲንግ ይሸፈናል ወይ ይንገሩኝ?

የጥርስ ሀኪም፦
እንደ ጥልቀቱ ነው። ጥርስ ድድ ውስጥ ገና ሲሰራ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ከመጠጣት ሚመጣ ከሆነ ቀለሙ ኢናሜሉ ውስጥ ነው ያለው፣ በቡርሽ ብዛት አይለቅም፣ ጠንክራ እንዳትፍቀው ንገሪያት። ከላይ ከላይ ከሆነ ስሱን ንብርብር በቀጭኑ ማንሳት እና ማስነጣት ብቻውን ብዙ ያሻሽላል፣ ጥልቅ ከሆነና ጥርሱ እየተፈረፈረ ከሆነ ነው ወደ ቦንዲንግ ሚኬደው። ያኔም ጥቁር ቀለም በስሱ ኮምፖዚት ስር ስለሚታይ ከስር ከለሩን ሚደብቅ ድርብ ይደረጋል፣ ይሄ ልምድ ይፈልጋል። እድሜዋ ስንት ነው? ገና ልጅ ከሆነች ማስነጣቱን አታስቸኩሏት፣ ሀኪም ይያት።

ፀዲ፦
19 ናት።

የጥርስ ሀኪም፦
እንግዲያው ትታይ፣ ካንቺ ጋር አብራችሁ ሂዱ። እሷም ከማስነጣቱ ትጀምርና የቀረው ነጠብጣብ ምን ያህል እንደሆነ ከታየ በኋላ ይወሰናል።