አስቸኳይ! የአክስቴ ላፕቶፕ እየጮኸ ነው፣ የትኛውን አንቲቫይረስ ልግዛ?

ማርቲ_ቨርጂኒያ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ አክስቴ ሜሪላንድ ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። ላፕቶፓቸው በቀይ ጽሑፍ ተሞልቶ እንደ አምቡላንስ ይጮሃል። "ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ ማይክሮሶፍት ጋ ይደውሉ" የሚል ከነስልክ ቁጥሩ ወጣባቸው። ደወሉ። ሰውየው አሁንም መስመር ላይ ነው። ካጠፉት ፋይሉ ሁሉ ይጠፋል ብሏቸዋል። ማጽጃው 399 ዶላር ነው አለ። ከዚህ የሚረክስ ደህና አንቲቫይረስ የምታውቁ ንገሩኝ።

የ22ቱ ልጅ፦
መጀመሪያ ስልኩን ይዝጉት። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ኪያ፦
እኔ ኦሪጅናል ዊንዶውስ በገንዘቤ ገዝቼ ማይክሮሶፍት አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርክ ብሎኝ አያውቅም። ለአክስትሽ ግን ስልክ የሚያነሳ ሰው አስቀምጦላቸዋል ሃሃሃ

የመገናኛው ቴክኒሻን፦
ማርቲ፣ ጥያቄሽ ከመነሻው ልክ አይደለም። የሚገዛ ነገር የለም። ያ ቀይ ነገር ድረ ገጽ ነው። ሙሉውን ስክሪን ስለያዘ ነው የተቆለፈ የሚመስለው። ኢስኬፕን ተጭነው ትንሽ ይቆዩ። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ብራውዘሩን መርጠው "ኤንድ ታስክ" ይበሉት። መልሰው ሲከፍቱ የቀድሞ ገጾችን ልመልስ ወይ ብሎ ከጠየቀ እሺ እንዳይሉ፣ ያው ገጽ ነው የሚመጣው። እውነተኛ የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ደውሉ ብሎ ስልክ ቁጥር አይሰጥም።
አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ሰውየው ምንም አስጭኗቸዋል? ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር የመሳሰሉ፣ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች?

ማርቲ_ቨርጂኒያ፦
ቫይረስማ አለ፣ በዓይናቸው አይተዋል እኮ! ሰውየው ራሱ ከፍቶ አሳያቸው። ቀይና ቢጫ ምልክት ያለበት ረጅም ዝርዝር ነው። አዎ፣ ኤኒዴስክ የሚባል ነገር አውርደዋል። ማውሱ ብቻውን ይሄዳል አሉኝ።

የ22ቱ ልጅ፦
ማውሱ ብቻውን?! ስልኩን ይዝጉ አልኩ እኮ! ኢንተርኔቱንም ያቋርጡ!

ሊያ_ስቶክሆልም፦
የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬት ይንቀሉት። ለትልቅ ሰው ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም። ከዚያ የላፕቶፑን ማብሪያ እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይያዙ። ፋይል ይጠፋል ያላቸው ስልኩን እንዳይዘጉበት ነው።

ጋሽ ሰለሞን፦
ልጆች፣ ይሄ ንግድ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። ዊንፊክሰር የሚባል ነበር፣ "ኮምፒውተርህ ታሟል" እያለ ሐሰተኛ ማጽጃ የሚሸጥ። ኤፍቲሲ የተባለው የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2008 ከኋላው የነበሩትን ፍርድ ቤት አቆማቸው። በ2011 ደግሞ ማክን፣ የአፕልን ኮምፒውተር፣ ቫይረስ አይነካውም ለሚሉት ማክዲፌንደር የሚባል ሐሰተኛ ማጽጃ መጣላቸው። ስም ያላቸውም አሉበት። ኦፊስ ዲፖ የተባለው የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ መደብር በነፃ እንመርምርላችሁ እያለ ጤነኛ ኮምፒውተር ታሟል ይል ነበር በሚል ክስ፣ በ2019 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በ2024 ደግሞ ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉት የኮምፒውተር ጥገና ሻጮች በተመሳሳይ ክስ 26 ሚሊዮን። ሁሉም የሚሸጡት ፍርሃት ነው። ሰው ደንግጦ ካርዱን ከማውጣቱ በፊት አንድ ሰው ይጠይቅ። እናንተም ወላጆቻችሁን አስቀድማችሁ አስተምሩ።

የመገናኛው ቴክኒሻን፦
ጋሽዬ እውነትዎን ነው፣ ግን ሴትዮዋ አሁን መስመር ላይ ናቸው።
ማርቲ፣ ያሳያቸው "ኢቨንት ቪወር" የሚባለውን ነው። ዊንዶውስ የሚያጋጥመውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ የሚመዘግብበት ደብተር ነው። የእኔንም ብትከፍቺ ቀይና ቢጫ ሞልቶታል፣ ኮምፒውተሬ ግን ደህና ነው።

ማርቲ_ቨርጂኒያ፦
ዘግተውታል። ሳጥኑም ተነቅሏል። ሰውየው ደጋግሞ እየደወለ ነው። ወይኔ፣ የካርድ ቁጥር ሰጥተውታል! አሁን ገና ነው የነገሩኝ።

ቤቲ_ዳላስ፦
ማርቲዬ፣ አይዞሽ። ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። አሁኑኑ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉ። ጎግል ላይ ፈልገሽ ያገኘሽውን ቁጥር እንዳትሰጫቸው፣ እዚያም የውሸት ቁጥር አለ። "ተጭበርብሬ ነው፣ ሰው ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብቶ ነበር" ብለው ይንገሯቸው። ካርዱ ይዘጋ፣ ክፍያው ካለፈም ይከራከሩበት። የባንክና የኢሜይል ፓስወርዳቸውን ከስልክ ይቀይሩ፣ በዚያ ላፕቶፕ አይሆንም። ጊፍት ካርድ ገዝተው ቁጥሩን አንብበውለት ከሆነ ደግሞ ካርዱንና ደረሰኙን እንዳይጥሉ፣ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ወዲያው ይደወላል።
በኋላ "ገንዘብዎን ልንመልስልዎ ነው" ብሎ የሚደውል ይኖራል። እሱም ያው ሰው ነው።

የ22ቱ ልጅ፦
ስልኩንም አያንሱለት።

የመገናኛው ቴክኒሻን፦
ማታ ስትደርሺ ኢንተርኔቱን ሳትመልሺ ኤኒዴስክን አጥፊ። የፕሮግራሞቹን ዝርዝር በተጫኑበት ቀን ደርድሪና ዛሬ የገባውን ሁሉ እዪ። አንዱን አሳይተው ሌላ ሁለተኛ መግቢያ ደብቀው መተው ልማዳቸው ነው። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ "ኦፍላይን ስካን" የሚለውን አስነሺ። ራሱ ጠፍቶ ይበራል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የሚመረምረው ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት የራሱ አንቲቫይረስ ነው፣ ከዊንዶውስ 10ም ከ11ም ጋር በነፃ የሚመጣ። አሁንም አንቲቫይረስ አትግዢ።

ዳዊት_ጅዳ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ስልኬ ሳምሰንግ ነው። ፊልም ያወረድኩ ቀን ጀምሮ "ስልክህ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁን አጽዳ" እያለ በየሰዓቱ ይመጣብኛል። ላጽዳው?

ሊያ_ስቶክሆልም፦
እንዳትነካው! ያ የፊልም ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ብሎህ "አላው" (ፍቀድ) የሚለውን ተጭነህለታል። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ክፈት። የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር አለ። የማታውቀውን ሁሉ አግድ።

ዳዊት_ጅዳ፦
አንድ መዓት ገጽ ነው የተፈቀደው! አገድኳቸው፣ እስካሁን ዝም ብሏል። ተባረኪ።

ቤቲ_ዳላስ፦
ማርቲ፣ ባንኩ ምን አለ? ካርዱ ዴቢት ነው ክሬዲት? ዴቢት ከሆነ ገንዘቡ በቀጥታ ከሒሳባቸው ነው የሚወጣው፣ እስከ ነገ እንዳታቆዩት።