ሻርፕ፣ ማተብና የትምህርት ቤት በር

የወሎ ልጅ፦ የአክሱሙን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ አይደል? በ2017 ዓ.ም. ሙስሊም ተማሪዎች ሂጃባችሁን ካላወለቃችሁ አትገቡም ተብለው ከክፍል ቀሩ። ከነሱ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ላይ የተጉላሉ አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ መቀሌ ላይም ሰልፍ ተወጣ። እኔን ያንገበገበኝ ቦታው ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው የተጠለሉት በአክሱሙ ንጉሥ ግዛት አልነበረም እንዴ? ለማንኛውም ጥያቄዬ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የሃይማኖቱን ምልክት ይዞ ይግባ ወይስ በር ላይ ይተው?

ጡረተኛው መምህር፦ ይተው ባይ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ዩኒፎርምስ ለምን መጣ? ሁሉም አንድ እንዲመስል ነው። ዛሬ ሂጃብ ካልን ነገ ኒቃብ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አንዱ ክንድ የሚያህል መስቀል አንጠልጥሎ ይመጣል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ነፃ ይሁን የተባለው ትምህርቱ ነው እንጂ የልጅቷ ፀጉር አይደለም። እዚያው አንቀጽ 11 ላይ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስማር አንገቴ ላይ ማተብ ነበረ፣ አንድም ቀን ዘበኛ አንገቴን አይቶ አያውቅም። ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ግን በር ላይ ሻርፗን ታወልቅና አጣጥፋ ደብተሯ መሃል ትከታለች። ስንወጣ ግንቡ ጥግ ቆማ፣ መርፌ ቁልፉን በጥርሷ ይዛ፣ መልሳ ትጠመጥማለች። መስታወት እንኳን የላትም፣ እኔ ነበርኩ «ግራው ረዝሟል» የምላት።

የፊዚክስ ቲቸር፦ ሁለት ነገር አደባልቃችኋል። ልጅ ይልበስ፣ ይጹም፣ ይጸልይ፣ ምን ቸገረኝ። አስተማሪ ግን አይስበክ። እኛ ጋ ያስቸገረን ተማሪ አይደለም። አንድ ባልደረባ አለ፣ የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት ስለ ታማኝነት አስተምር ሲባል የራሱን እምነት ሲሰብክ ደወል ይደወልበታል። ሌላ እምነት ያለው ልጅ ምን ይበል? ማርኩ በእጁ ነው። ኒቃቡ ይለያል፣ ፈተና ላይ ማን እንደተቀመጠ ማወቅ አለብኝ። ግን ሴት ፈታኝ ለብቻ አይታ ብታስገባት አለቀ።

ከቨርጂኒያ፦ አሜሪካም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ትምህርት ቤት ራሱ የሚያዘጋጀውን ጸሎት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ከልክሏል። ልጁ ምሳው ላይ ቢያማትብ ግን ማንም አይነካውም። የኔዋ በዐቢይ ጾም ፒዛውን ትታ ፖም ትገምጣለች፣ በረመዳን ደግሞ ሶማሌዋ ጓደኛዋ ጭራሽ ካፍቴሪያ አትገባም። ሂጃቧን አውልቂ ያላት የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ ፈረንሳይስ? እ.ኤ.አ. በ2004 በሕግ አልከለከለችም?

የሁለት ልጆች እናት፦ ከልክላለች ጋሼ፣ ግን ትልቁን መስቀልም የአይሁዱን ቆብም አብራ ነው። እኛ ጋ ማተቡ ይገባል፣ ሻርፑ ውጭ ይቀራል። ደግሞ አርብ መሥሪያ ቤት ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋ የለ? ለጁምዓ ብለው ነው፣ እኛም ረጅም ምሳ አገኘንበት፣ የተከፋ ሰው አላየሁም።

የወሎ ልጅ፦ ልክ ነሽ። ስለ ሃይማኖት ማስተማርም በራሱ ክፉ አይመስለኝም። ላሊበላንም አል ነጃሺንም ያላወቀ ተማሪ የአገሩን ታሪክ ምኑን ተማረው? እመኑበት ማለት ሲጀመር ነው ችግሩ።

ጡረተኛው መምህር፦ እሺ፣ በሻርፑ ረታችሁኝ፤ ኒቃቡን ገና አልዋጥኩትም። ግን አንተ ቲቸር፣ ስለዚያ ሰባኪ ባልደረባህ ለርእሰ መምህሩ ነገርከው?

የፊዚክስ ቲቸር፦ ልነግረው ሄጄ ነበር። ቢሮው የለም። ስፈልገው ከክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ «አሜን» ሲል አገኘሁት።