ለገናና ለጥምቀት ገበያ ትንሽ ገንዘቤን በምን ላይ ላውለው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሀገር ባህል ልብስ እሸጣለሁ። ሁለት ሸማኔዎችና አንዲት ጥልፍ የምትጠልፍ ልጅ አብረውኝ ይሠራሉ። ባለፈው ዓመት ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባነር አሳትሜ፣ በቴሌግራም አስነግሬ፣ በሁሉም ልብስ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ አደረግሁ። ሰው በብዛት መጣ፤ ነገር ግን በልካቸው ማሠራት የፈለጉትን «አይደርስም» ብዬ መለስኳቸው፤ የተሰቀለውን ልብስ በቅናሽ የወሰዱት ደግሞ አብዛኞቹ በሙሉ ዋጋም ቢሆን የማይቀሩ የቆዩ ደንበኞቼ ነበሩ። ሒሳቡን ስሠራው ከክርና ከሸማኔ ክፍያ የተረፈኝ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አሁን ጥቅምት እያለቀ ነው። ያለኝን ጥቂት ገንዘብ ለቲክቶክ ማስታወቂያ ላውለው፣ በበዓል ባዛር ቦታ ልከራይበት ወይስ እንደገና ቅናሽ ልሞክር? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ በዚሁ ሥራ ከቆየ ነጋዴ

እህቴ፣ ባለፈው ዓመት የጎደለዎት ጊዜ እንጂ ገዢ አይደለም። ቅናሽ የሚጠቅመው በመጋዘኑ ዕቃ ለተቆለለበት ሰው ነው፤ በሸማኔ እጅ የሚወጣ ልብስ ግን ገዢው ስለበዛ ብቻ ፈጥኖ አይደርስም፤ ድሩ እስኪደወር፣ ማጉ እስኪገባ፣ ጥለቱ እስኪያልቅ፣ ከዚያም ሰፊው ዘንድ ተራ እስኪደርሰው ድረስ የራሱን ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ማስታወቂያዎ «ይህን ያህል ቀንሰናል» ከሚል ይልቅ «ትእዛዝ የምንቀበለው እስከዚህ ቀን ብቻ ነው» ቢል ይሻላል። እኔ የገናን ትእዛዝ ኅዳር 30፣ የጥምቀትን ደግሞ ታኅሣሥ 15 ላይ እዘጋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛ የማባርር መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቀኑ ተጽፎ ሲያየው «ቆይ፣ ደመወዝ ይውጣ» ይል የነበረው ሰው ቀብድ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር፣ ገናና ጥምቀት በ12 ቀን ልዩነት ቢመጡም ገበያቸው አንድ አይደለም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የከረመ ቤት ለገና ቅድሚያ የሚሰጠው ለዶሮው፣ ለቅቤውና ለሥጋው ነው፤ ከዚያ የተረፈው የልጆች ልብስና ለወላጅ የሚሰጥ ጋቢ ወይም ነጠላ ይገዛበታል። ለጥምቀት ሲሆን ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ! የሴቶች ቀሚስ፣ እንዲሁም የሰፈር ወጣቶች ተመካክረው በአንድ ዓይነት ጥለት የሚያሠሩት ልብስ የዚያን ጊዜ ገበያ ነው። ታቦት አጅበው የሚሄዱ ማኅበራትን አሁኑኑ ያነጋግሩ፤ የአንድ ማኅበር ትእዛዝ ከመቶ መንገደኛ ይበልጣል። የጥር ሰርግም ጥምቀትን ተከትሎ ስለሚመጣ፣ ሥራው በጥር 12 ያልቃል ብለው ሸማኔዎችዎን እንዳያሰናብቱ።

ሸማኔዎችዎ እንደ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ከሆኑ መስቀልን ሀገራቸው ሄደው ማክበር ይፈልጉ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚመጣውን የእንቁጣጣሽ ሥራ በነሐሴ መጨረስ እንዳለብዎ ከወዲሁ ያስቡበት። ደግሞም ያለፈውን ባነር እንደገና የሚሰቅሉ ከሆነ ቀኑን ይመልከቱ፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግሥት በሚመጣው ዓመት ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ በመሆኑ 29 ብለው ያሳተሙ ሰዎች አውቃለሁ።

መልስ፣ በቴሌግራም ከምትሸጥ

በቀኑ ጉዳይ ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። ለማስታወቂያ ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን የልክ ደብተርዎን ይክፈቱ። ባለፈው ጥምቀት ለልጃቸው ያሠሩ እናት ልጃቸው አንድ ዓመት አድጓል፤ ያ ልብስ ዘንድሮ አይገባውም። «የልጅዎ ልክ ከእኛ ዘንድ አለ፤ ርዝመቱን ብቻ እንደገና ለክተው ይላኩልን» ብለው ቢደውሉላቸው፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል፤ ወጪውም የስልክ ሒሳብ ብቻ ነው።

ቲክቶክ ላይ የሚለቁት ደግሞ የተሰቀለ ቀሚስ አይሁን። ሸማኔው ፈቃደኛ ከሆነ እጁንና መወርወሪያውን፣ ጥለቱም ቀስ በቀስ ሲወጣ ያሳዩ፤ በማሽን ከታተመው ርካሽ ጨርቅ ጋር ያለው ልዩነት በቃል ከሚነገር ይልቅ እንዲህ ሲታይ ይገባል። ዋጋውንም ይጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ለምን እንደተስፋፋ አይገባኝም፤ እኔ ራሴ ገዢ ስሆን ዋጋ ያልተጻፈበትን አልፌ እሄዳለሁ። ባዛሩን በተመለከተ፣ ሁለት ሸማኔ ያለው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ የቦታውን ኪራይ የሚመልስ ዕቃ ከየት ያመጣል? ዘንድሮስ ይቅርብዎ እላለሁ።

መልስ፣ ሜሪላንድ ከሚኖር

እኔ በገዢው በኩል ያለውን ልናገር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ቤተሰቦች ልብስ የምናስመጣው በአብዛኛው ለበዓል ወደ ሀገር ቤት ሄዶ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ለገናና ለጥምቀት የሄደው ሰው ጥር ሲጋመስ ይመለሳል፤ እርሱ ይዞት የሚመጣው ልብስ ለጥምቀት አይደርስልንም፤ ለፋሲካ ግን ይደርሳል። እናም በታኅሣሥ ውስጥ «የፋሲካ ልብስዎን ከጥምቀት ተመላሽ ጋር እንልካለን» የሚል አንድ መልእክት ቢለቁ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ እሆናለሁ። ልክ ስትጠይቁን በሴንቲሜትር ይሁን በኢንች በግልጽ ይጻፉ፤ የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብና የቁመት አለካኩን በሥዕል ያሳዩን። ባለፈው ዓመት ለባለቤቴ ያሠራሁት ቀሚስ በዚህ ስሕተት ምክንያት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ሆነ።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደብተሩን ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ባለፈው ዓመት ትንሽ ቀብድ ከፍለው ሳይመጡ የቀሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ልብሶቹ እስካሁን ተሰቅለዋል። ቀብዱ ስንት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፣ ከመጀመሪያው ነጋዴ

ከግማሽ አያንስ። ቢያንስ ክሩንና የሸማኔውን ክፍያ መሸፈን አለበት፤ በቴሌብር ተቀብለው፣ ልብሱ የሚደርስበትን ቀንና ሳይወሰድ የሚቆይበትን ጊዜ በደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ያልተወሰዱትን ሦስቱን ደግሞ ሰፊው ጠርዛቸው ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቶ ከሆነ አስለቅቀው ለጥምቀት ይስቀሏቸው፤ ትእዛዝ ከዘጉ በኋላ የሚመጣውን ደንበኛ ባዶ እጁን እንዳይመልሱት ይሆናሉ።