ኤስኤል8500፦ ባዶ ቴፕ በአንዱ ሬይል ተከምሮ ሌላው ጦሙን ሲያድር

ሌሊት_ባች፦

ሰላም ለሁላችሁ። በፓስ-ትሩ ፖርት (ቴፕ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሳልፍ በር) የተያያዙ ሁለት ኤስኤል8500 የሮቦት ቴፕ ላይብረሪዎች አሉን፤ ባጠቃላይ 8 ሬይል (ሮቦቱ የሚሄድበት ሐዲድ፣ ፎቅ በፎቅ)፣ 40 ድራይቭ (ቴፕ ማንበቢያና መጻፊያ)። 24ቱ ቲ10000ዲ ናቸው፣ 16ቱ ደግሞ የቆዩት ቲ10000ቢ። ሲስተሙ የአይቢኤም ሜይንፍሬም ዜድ/ኦኤስ ነው፤ ላይብረሪውን ኢኤልኤስ የተባለው ሶፍትዌር፣ የቴፕ መዝገቡን ሲኤ-1 የተባለው ይይዘዋል። በየሬይሉ ያለው ሃንድቦት (ቴፕ አንሺ ሮቦት) አንድ ብቻ ነው።

ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ባቹ (የሌሊቱ የጅምላ ሥራ) ሲነሳ የባዶ ቴፕ ማውንት (ድራይቭ ላይ መጫን) ይንቀራፈፋል። ጆቦቹ ድራይቭ ይዘው ቴፕ ይጠብቃሉ። በዲስፕሌይ ስክራች ትእዛዝ (ስክራች ማለት ባዶ ቴፕ ነው) ስንጠይቅ በድምሩ 1,380 ባዶ ቴፕ አለ ይለናል። በሬይል ሲታይ ግን የመጀመሪያው ላይብረሪ የላይኛው ሬይል ያለው 11 ብቻ ሲሆን የታችኛው ከ400 በላይ ይዟል። 500 አዲስ ካርትሪጅ ለመግዛት ወረቀቱ ፊርማ እየጠበቀ ነው። መግዛቱ ይፈታዋል? ካልፈታውስ በየሬይሉ ስንት ይኑር፣ እንዴትስ ይከፋፈል?

ቴፕ_ቤት፦

ፊርማውን አዘግዩት። 1,380 የሚለው ድምር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ በካርትሪጅ ዓይነት ለዩት። ቲ10000ዲ የቆየውን ቲ1 ካርትሪጅ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ የሚጽፈው ቲ2 ላይ ብቻ ነው። ቲ10000ቢ ደግሞ ቲ2ን ጨርሶ አይጠቀምም። ስለዚህ ከ1,380ው 900ው ቲ1 ከሆነ 24ቱ አዳዲስ ድራይቮች የሚሻሙት 480ውን ነው። ዲስፕሌይ ስክራችን በሚዲያ (በካርትሪጅ) ዓይነትና በሰብፑል (በባዶ ቴፕ ምድብ) ለይታችሁ ጠይቁ። ለሁሉም የቮልሰር (የቴፕ መለያ) ክልል በቮልፓርም (የቴፖች ዓይነት በሚገለጽበት ፋይል) ትክክለኛው ሚዲያ መመዝገቡንም አረጋግጡ፤ ሳይመዘገብ የገባ ክልል ለማይሆነው ድራይቭ ይመረጥና ማውንቱ ከንቱ ይሆናል።

ቀጥሎ ሁለቱን መዝገቦች አስተያዩ። ቴፕ ባዶ ነው የሚሉት ሁለት ናቸው፦ የሲኤ-1 መዝገብ እና የኤችኤስሲ (ሮቦቱን የሚያዘው የኢኤልኤስ ክፍል) ዳታቤዝ፣ ሲዲኤስ። ኤችኤስሲ ባዶ ያለውን ሲኤ-1 ገና አልለቀቀውም ከሆነ፣ ሮቦቱ ቴፑን ያመጣል፣ ሲኤ-1 አልቀበልም ይላል፣ ቴፑ ይወርድና ሌላ ይመጣል። አንድ ጆብ ሦስት አራት ማውንት በላ ማለት ነው፤ እናንተ ያያችሁት መዘግየት ከፊሉ ይኸው ሊሆን ስለሚችል ሎጉ ውስጥ በአንድ ጆብ ስር የተደጋገመ ማውንት ፈልጉ። ተቃራኒው ደግሞ ድምፅ የለውም፦ ሲኤ-1 ለቆታል፣ ኤችኤስሲ ግን አልሰማም። ቴፑ ስሎቱ ውስጥ ተኝቶ አዲስ ትገዛላችሁ።

የየዕለቱ የጆቦች ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቲኤምኤስሲቲኤልጂ የሲኤ-1ን መዝገብ ከሲስተሙ የፋይል ካታሎግ ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ ቲኤምኤስክሊን ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ይለቃል፣ ከዚያ ኤስኤልዩኮንዲቢ የተለቀቁትን ዝርዝር ለኤችኤስሲ ያዘጋጃል፣ በመጨረሻ ኤስኤልዩአድሚን ዝርዝሩን ሲዲኤስ ላይ ያሳርፋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጆብ ሲወድቅ ማንም አይጮህም፤ ስክራቹ ብቻ በየቀኑ ይመነምናል። የእያንዳንዱን ሪተርን ኮድ (የጆቡን ውጤት የሚነግር ቁጥር) ሼጁለሩ (ጆብ አስጀማሪው) ይከታተል።

ሦስተኛው፣ ከውጭ ቮልት (ሌላ ቦታ ካለ የቴፕ ማከማቻ) ያልተመለሱ ቴፖች በሲኤ-1 ዘንድ ባዶ ተብለው ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ በላይብረሪው ውስጥ ግን የሉም። ሪፖርት ስታወጡ ቦታቸውን ጨምራችሁ አውጡ።

ሬይል_3፦

ስርጭቱን በተመለከተ፦ የላይኛው ሬይል የሚደርቀው በአጋጣሚ አይደለም። ቴፕ የሚገባበት ካፕ 39 ስሎት አለው፤ 13፣ 13፣ 13 ሆኖ የሚደርሰው ለታችኞቹ ሦስት ሬይሎች ነው። የላይኛው በቀጥታ ካፕ አይነካም። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ታች ይቀራል፤ ወደ ላይ የሚወጣው በሊፍት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፍሎት የሚባለው ቅንብር ክፍት ከሆነ፣ ከሌላ ሬይል የመጣ ቴፕ ሲወርድ ወደ መጣበት ሳይሆን ድራይቩ ያለበት ሬይል ላይ ይቀመጣል። ይህ መልካም ነው፣ የመልስ ጉዞውን ያስቀራል። ነገር ግን ብዙ የሚጽፈው ሬይል ቀስ በቀስ ዳታ ባለባቸው ቴፖች ይሞላል፣ ባዶዎቹ ደግሞ ዳታቸው ባለቀበት ቦታ ይከማቻሉ።

መድኃኒቱ ስክሪዲስት የሚባለው የኤችኤስሲ መሣሪያ ነው። የምትሰጡትን የሬይል ዝርዝር አይቶ ባዶ ቴፖችን ያከፋፍላል። ሚዲያውን ቲ2 ብላችሁ ለይታችሁ ስጡ፤ ካልሆነ ቲ1ንም አብሮ ሲያንሸራሽር ይውላል። ባልቶል የሚለውን የልዩነት መጠን በጣም አታጥብቡት፤ አምስትና ስድስት ቴፕ ለማስተካከል ሊፍቱን ማስጨነቅ ትርፍ የለውም። የስክራች ማመሳሰያው (ቴፕ_ቤት የዘረዘራቸው አራት ጆቦች) ካለቀ በኋላ ረፋድ ላይ አስኬዱት። ከባቹ ጋር ከገጠመ ሃንድቦቱ አንድ ስለሆነ ማውንቶቹ ከኋላ ይሰለፋሉ።

በየሬይሉ ነፃ ስሎት መኖሩንም እዩ። ሬይሉ ጢም ካለ ፍሎት አይሠራም፣ ስክሪዲስትም የሚያሳርፍበት ያጣል። የማይነኩ የረጅም ጊዜ ቴፖችን በሙቭ ትእዛዝ ድራይቭ ወደሌለበት ወይም ወደሚያንስበት ሬይል አሽሿቸው።

ዜድ_ሲስፕሮግ፦

በሬይል_3 ሐሳብ ላይ አንድ ማሻሻያ አለኝ። በስምንቱም ሬይል እኩል ማከፋፈል ልክ አይደለም። ባዶ ቴፕ የሚፈለገው የሚጽፍ ድራይቭ ባለበት ነው። ስሌቱን በድራይቭ አድርጉት።

ከኤስኤምኤፍ (የዜድ/ኦኤስ የሥራ መዝገብ) ሪከርድ የ90 ቀን የማውንት ዳታ አውጡና ከፍተኛውን የአንድ ሌሊት የቲ2 ፍጆታ ያዙ፤ አማካዩን ተዉት፣ የወር መጨረሻን ይደብቃል። ለምሳሌ 260 ይሁን። ማመሳሰያው ቅዳሜና እሁድ የማይሮጥ ከሆነ ሦስት ሌሊት ትሸፍናላችሁ፣ 780። አንድ ጊዜ ቢወድቅ ብላችሁ ሌላ 260 ጨምሩ፣ 1,040 ይሆናል። ይህን ለ24 ድራይቭ ስታካፍሉት በድራይቭ 43 ገደማ ነው። ስድስት ቲ10000ዲ ያለበት ሬይል 260 ይያዝ፤ ሁለት ያለበት 87 ይበቃዋል። ስክሪዲስትን ተመሳሳይ የድራይቭ ብዛት ላላቸው ሬይሎች ለየብቻ በቡድን ብታስኬዱት ይሄን ያህል ልዩነት መጠበቅ ይቻላል።

ማስጠንቀቂያውንም በላይብረሪ ደረጃ ብቻ አታቁሙት። ዋርን የሚለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ሬይል የራሱን ገደብ ይቀበላል፤ ከላይ ካለው ቁጥር ሲሶውን አድርጉት። ከምንም በፊት ግን ድራይቮቹን ቁጠሩ። 12 ድራይቭ በአንድ ሬይል ላይ ከታጨቀ፣ ስክራቹ ምንም ያህል ቢስተካከል አንድ ሃንድቦት አያደርሰውም። ወይ ድራይቮቹን በትኑ፣ ወይ ለዚያ ላይብረሪ ሁለተኛ ሃንድቦት አስገጥሙ። ለ500 ካርትሪጅ የተያዘው ገንዘብ እዚህ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌሊት_ባች፦

አመሰግናለሁ፣ በጣም ግልጽ ነው። አንድ ልጨምር፦ ከቲ2ዎቻችን ትልቁን ድርሻ የያዘው ዲኤፍኤስኤምኤስኤችኤስኤም (ባጭሩ ኤችኤስኤም፣ ብዙ የማይነካ ዳታን ወደ ቴፕ የሚያሸጋግረው ሶፍትዌር) ነው። አብዛኞቹ ላይ የቀረው ዳታ ጥቂት ይመስለኛል። እነሱን ማስለቀቅ ይቻላል?

ቴፕ_ቤት፦

ይቻላል፣ የኤችኤስኤም ሪሳይክል ትእዛዝ ለዚሁ ነው የተሠራው። መጀመሪያ በዲስፕሌይ አስኬዱትና የእያንዳንዱን ቴፕ የቀረ ፐርሰንት እዩ። ከዚያ ከ20 ፐርሰንት በታች ያሉትን በኤክስኪዩት። ጥንቃቄው ድራይቭ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ የሪሳይክል ታስክ ሁለት ድራይቭ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል ሌላው ይጽፋል። ማክስሪሳይክልታስክስን (አብረው የሚሮጡትን ታስኮች ብዛት) እስከ 15 ማድረስ ይፈቀዳል፣ ያ ግን 30 ድራይቭ ነው፤ ለእናንተ 3 ይበቃል፣ ያውም ቀን ላይ። የወጣው ቴፕም ያኔውኑ ባዶ አይሆንም። ኤችኤስኤም በኤክዚቱ (ለሲኤ-1 በሚያሳውቀው ተቀጥላ ፕሮግራም) በኩል ለሲኤ-1 ይለቀዋል፣ ቲኤምኤስክሊንና ኤስኤልዩኮንዲቢ ሲሮጡ ነው ወደ ስክራች የሚገባው። ስለዚህ ዛሬ ቀን የተሠራው ለነገ ማታ ነው።

ብዙ ፋይል የተደራረበበትን የተከታታይ ቴፖች ሰንሰለትም እዩ። አንድ ለ7 ዓመት የሚቆይ ፋይል የአንድ ሳምንት ፋይሎች ካሉበት ሰንሰለት ጋር ከተጻፈ፣ የሰንሰለቱ ቴፖች በሙሉ አብረውት 7 ዓመት ይቀመጣሉ። በጄሲኤሉ (የጆቡ ትእዛዝ በሚጻፍበት) ደረጃ በዕድሜ ለዩአቸው።

ሬይል_3፦

ከዚህ ሁሉ በኋላም መግዛት ካስፈለገ፦ ካርትሪጆቹ በማሽን ክፍሉ ሙቀት 24 ሰዓት ይቆዩ። የቮልሰር ክልሉን መጀመሪያ በሲኤ-1 መዝገብ፣ ከዚያ በቮልፓርምና በፑልፓርም (ሰብፑል በሚገለጽበት) አስገቡ። ሌብሉን (ቴፑ ላይ የሚጻፈውን መለያ) በቲኤምኤስቲፒኒት ፕሮግራም ቀድማችሁ ጻፉ፤ ሳይጻፍ ስክራች የሆነ ቴፕ እኩለ ሌሊት ላይ ኦፕሬተሩን መልስ በሚጠይቅ መልእክት ያቆመዋል። 500ው በ39 ስሎት ካፕ 13 ዙር ነው፤ በሁለቱ ላይብረሪዎች ካፕ ከፍላችሁ ጠዋት አስገቡ፣ ሲያልቅ ወዲያው ስክሪዲስት። ማጽጃ ካርትሪጅም አብራችሁ እዘዙ፤ አንዱ ለ50 ጊዜ ነው የሚያገለግለው፣ ጊዜው ያለፈበት በስሎት ውስጥ ሲቀር ድራይቩ ሳይጸዳ ይሠራል።